ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ዓይን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወላጆች ልጁ ማሞቂያ ውስጥ ካለበት ቀን አንስቶ ደጋግመው የሚጠይቋቸው ናቸው፤ ሐኪም የሰጣችሁ የዓይን ቀጠሮ ካለ ግን ከምታነቡት ሁሉ እሱ ይቀድማል።

ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ዓይን ከሌላው ልጅ ዓይን በምን ይለያል?

ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ሬቲና ይባላል። ሬቲናን የሚመግቡት ደም ሥሮች ማደግ የሚጀምሩት እርግዝናው 16 ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። ከዓይን ነርቭ ሥር ተነስተው ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይዘረጋሉ፤ በአፍንጫ በኩል ያለው ዳርቻ ላይ በ36 ሳምንት ገደማ፣ በጆሮ በኩል ያለው ላይ ደግሞ በ40 ሳምንት አካባቢ ይደርሳሉ። በ27 ሳምንት የተወለደ ሕፃን እንግዲህ የሬቲናው ዳር ገና ደም ሥር ሳይደርሰው ነው የሚወለደው።

ያልጨረሰው ሬቲናው ብቻ አይደለም። የዓይን የፊት ክፍል ማለትም ኮርኒያ (ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) እና ከኋላው ያለው ሌንስ ቅርጻቸውን የሚያስተካክሉት፣ ምስል ከዓይን ወደ አንጎል የሚያደርሱት የነርቭ መስመሮችም የሚጠናከሩት በእርግዝናው መጨረሻ ወራት ነው። ስለዚህ «የዓይን ችግር» ሲባል የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሬቲና ሕመም፣ መነጽር የሚፈልግ የልኬት ችግርና ከአንጎል የሚመጣ የማየት ችግር የተለያዩ ናቸው። አንዱ የሌለበት ልጅ ሌላው ሊኖርበት ይችላል።

አርኦፒ የሚሉት ምንድን ነው? የሚመጣው በኦክስጅን ነው?

አርኦፒ ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ሬቲና ላይ ጤናማ ያልሆኑ ደም ሥሮች የሚበቅሉበት ሕመም ነው። በሁለት ምዕራፍ ይመጣል። ሕፃኑ ሲወለድ በማሕፀን ከለመደው እጅግ የበለጠ ኦክስጅን ያገኛል፤ ተጨማሪ ኦክስጅን ባይሰጠው፣ ተራ አየር ቢተነፍስ እንኳ። ከእናቱ ይደርሰው የነበረው ለእድገት የሚያስፈልግ ንጥረ ነገርም ይቋረጥበታል። በዚህ ጊዜ ደም ሥሮቹ ባሉበት ይቆማሉ። ከ32ኛው ሳምንት ገደማ በኋላ ግን ሬቲናው እየጎለመሰ ሲሄድ ምግብና ኦክስጅን ያምረዋል፤ ደም ሥር ያልደረሰው ዳርቻ ቪኢጂኤፍ የሚባል ደም ሥር ጠሪ ፕሮቲን ያመነጫል። ጥሪው ልክ ካለፈ አዲሶቹ ደም ሥሮች በሬቲናው ላይ መዘርጋታቸውን ትተው ወደ ዓይኑ መሐል ተነስተው ይበቅላሉ፤ ይደማሉ፣ ጠባሳ ይፈጥራሉ፤ ጠባሳው ሲኮማተር ሬቲናውን ከተጣበቀበት ይልጠዋል።

ኦክስጅን አንዱ ምክንያት ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። በሽታው በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1942 ሲሆን፣ ያለገደብ ከሚሰጥ ኦክስጅን ጋር ያለው ግንኙነት የታወቀው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ ኦክስጅን በጣም ሲቀነስ ዓይነ ስውርነቱ ቀነሰ፤ በአንጻሩ የሚሞቱና አንጎላቸው የሚጎዳ ሕፃናት በረከቱ። ዛሬ ብዙ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ከ91 እስከ 95 በመቶ ባለው ክልል ለማቆየት የሚጥሩት ሁለቱንም አደጋ ለመሸሽ ነው። ስለዚህ «ኦክስጅኑን ለምን ሰጡት?» ብሎ መቆጨት አይገባም፤ ልጁ በሕይወት የቆየው በእሱ ነው። መለኪያው ሲጮህ ኦክስጅኑን ራስዎ ከፍ ወይም ዝቅ አያድርጉ፤ መጠኑ ሲዋዥቅ ለሬቲናው የከፋ ነው።

የእናት ጡት ወተት፣ ኢንፌክሽንን መከላከልና ሕፃኑ ክብደት በደንብ እንዲጨምር ማድረግ አደጋውን ለመቀነስ ይረዳሉ። ዓይኑን ከብርሃን መሸፈን ግን አርኦፒን እንደማይከላከል በጥናት ታይቷል።

የትኛው ሕፃን መታየት አለበት? መቼስ?

በብዙ አገሮች መስፈርቱ ከ30 ወይም ከ31 ሳምንት በፊት መወለድ ወይም 1,500 ግራምና ከዚያ በታች መመዘን ነው። የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ባልተሟላባቸው ቦታዎች ከዚያ የሚከብዱ ሕፃናትም ስለሚታመሙ መስፈርቱ እስከ 34 ሳምንትና እስከ 2,000 ግራም ይሰፋል። ከመስፈርቱ በላይ ሆኖ ግን በጽኑ የታመመ፣ ለረጅም ጊዜ ኦክስጅን የወሰደ ወይም ደም የተሰጠው ሕፃንም በሐኪሙ ውሳኔ ይታያል።

የመጀመሪያው ምርመራ ልጁ ከተወለደ 4 ሳምንት ሲሞላው፣ ወይም የእርግዝናው ሳምንትና ከተወለደ ያለፈው ሳምንት ተደምረው 31 ሲሆኑ፣ ከሁለቱ ዘግይቶ በሚመጣው ቀን ነው። በ29 ሳምንት የተወለደ በ33 ይታያል፤ በ25 ሳምንት የተወለደ ደግሞ 31 እስኪሞላ 6 ሳምንት ይጠብቃል። ሰፊውን መስፈርት የሚከተሉ አንዳንድ አገሮች በጣም ትንንሾቹን ከተወለዱ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ያያሉ። ይህን ድምር ዕድሜ በወረቀት ጽፎ መያዝ ጥሩ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ቀጠሮዎች ሁሉ የሚቆጠሩት በእሱ ነውና።

ከሁሉ በላይ ልጅ የሚጎዳው ከሆስፒታል በወጣበትና ቀጣዩ ቀጠሮ በሚደርስበት ጊዜ መካከል ነው። ሕፃኑ ክብደት ጨምሯል፣ ጡት ይጠባል፣ ዓይኑም ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም፤ ስለዚህ ቀጠሮው «ሌላ ቀን» ይባላል። አርኦፒ ሕክምና የሚፈልግበት ደረጃ ላይ የሚደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምር ዕድሜው ከ34 እስከ 40 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ልክ በዚያ ሰሞን ነው። በሽታው ከውጭ አይታይም፤ ሲታይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። መውጫ ወረቀቱ ላይ የዓይን ቀጠሮ ቀንና ቦታ ሳይጻፍ ከክፍሉ አይውጡ።

ምርመራው እንዴት ነው? ያማል?

መጀመሪያ ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደረጋል፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ ማደንዘዣ ጠብታ ይደረግና የዓይኑ ቆብ በትንሽ መክፈቻ ተይዞ፣ ሐኪሙ ግንባሩ ላይ ባሰረው መብራትና በእጁ በያዘው ሌንስ ያያል። ዳርቻውን ለማየት ዓይኑን በደቃቅ መሣሪያ ከውጭ ቀስ ብሎ ይጫናል። በካሜራ ፎቶ የሚነሳበትም አሠራር አለ።

አዎ፣ ይጨንቃል፤ ሕፃኑ ያለቅሳል። በጨርቅ በደንብ ተጠቅልሎ፣ ምርመራው ከመጀመሩ ሁለት ደቂቃ ገደማ በፊት ጥቂት ጠብታ የስኳር ውሃ ምላሱ ላይ ሲደረግለት ሕመሙ እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው። ጠብታውና ጭንቀቱ የልብ ምት ሊቀንሱ፣ ትንፋሽ ለአፍታ ሊያቆሙ፣ ሆድ ሊነፉ ስለሚችሉ ነርስ አጠገቡ ትሆናለች፤ ከምርመራው በፊት መቼ እንደሚጠባም ክፍሉን ይጠይቁ። በማግስቱ የዓይኑ ቆብ ትንሽ ቢያብጥ ወይም ነጩ ላይ የደም ነጠብጣብ ቢታይ በራሱ ይጠፋል። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ከቀጠለ፣ አልጠባም ካለ ወይም ሆዱ ተነፍቶ ከቀረ ግን ወዲያው ይመለሱ።

ወረቀቱ ላይ «ዞን 2፣ ደረጃ 2፣ ፕላስ የለም» ይላል። ምን ማለት ነው?

ዞን ደም ሥሮቹ የት እንደደረሱ ይናገራል። ዞን 1 በዓይን ነርቭ ዙሪያ ያለው መሐሉ ነው፤ ዞን 3 በጆሮ በኩል የቀረችው የዳር ጨረቃ ናት። ወደ መሐል በቀረበ ቁጥር ያስፈራል። ደረጃ ደግሞ ደም ሥር ያለውና የሌለው ሬቲና የሚገናኙበት ወሰን ምን እንደሚመስል ነው፦ በ1 ስስ መስመር፣ በ2 ከፍ ያለ ጉብታ፣ በ3 ከጉብታው የሚበቅሉ አዳዲስ ደም ሥሮች አሉ። በ4 ሬቲናው በከፊል፣ በ5 ሙሉ በሙሉ ተልጧል። ፕላስ ማለት ከዓይን ነርቭ አጠገብ ያሉት ደም ሥሮች አብጠውና ተጠማዝዘው መታየታቸው ነው፤ ሐኪሙን ወደ ሕክምና የሚያስቸኩለው ከሁሉ ይበልጥ ይህ ምልክት ነው።

«ዞን 2፣ ደረጃ 2፣ ፕላስ የለም» የተባለ ልጅ ሕክምና አይጀመርለትም፤ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ግን ተመልሶ ይታያል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በራሳቸው ይድናሉ። ሕክምና የሚጀመረው በዞን 1 ፕላስ ከታየ፣ ፕላስ ባይኖርም በዞን 1 ደረጃ 3 ከሆነ፣ ወይም በዞን 2 ደረጃ 2 ወይም 3 ከፕላስ ጋር ሲገኝ ነው። ያኔ ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በፍጥነት ለሚብሰው ዓይነት ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ መታከም አለበት። «ሰኞ እንወስዳለን» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

ሌዘር ይሻላል መርፌ?

ሌዘሩ ደም ሥር ያልደረሰውን ዳርቻ ይተኩሳል። ቪኢጂኤፍ የሚመነጨው ከዚያ ስለሆነ ጥሪው ይቆማል። ውጤቱ ዘላቂ ነው፤ በሽታው ተመልሶ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ዋጋው የዳር እይታ መቀነስ፣ በማደንዘዣ ወይም በማስታገሻ ረዘም ያለ ሕክምናና በኋላ የሚመጣ ከፍ ያለ ማዮፒያ (ሩቅ ያለው የሚደበዝዝበት ችግር) ነው። መርፌው ቪኢጂኤፍን የሚይዝ መድኃኒት ዓይን ውስጥ የሚሰጥበት ሲሆን በደቂቃዎች ያልቃል፤ ሕፃኑ ማደንዘዣ የማይችል ሲሆን ወይም ሕመሙ ዞን 1 ውስጥ ሲሆን ብዙ ሐኪሞች ይመርጡታል። ማዮፒያውም ያነሰ ነው። በአንድ ትልቅ የሕክምና ሙከራ ልጆቹ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው ሲለኩ፣ ዞን 1 ላይ በሌዘር የታከሙት ዓይኖች አማካይ የመነጽር ቁጥር −8.4 ሲሆን፣ ቤቫሲዙማብ የተባለው መርፌ የተሰጣቸው −1.5 ገደማ ነበር።

የመርፌው ችግር በሽታውን አስተኝቶት ሊሄድ መቻሉ ነው። ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ይመለሳል። ስለዚህ መርፌ የተወጋ ልጅ ቢያንስ ድምር ዕድሜው 65 ሳምንት እስኪሞላ፣ ማለትም መወለድ ከነበረበት ቀን በኋላ 6 ወር ያህል፣ በተከታታይ መታየት አለበት። መድኃኒቱ በከፊል ወደ ደም ስለሚገባ በሌላ አካል እድገት ላይ የሚያስከትለው ነገር እስካሁን በጥናት ላይ ነው። የኛ ምክር አንድ ነው፦ ለቀጠሮ ተመልሶ መምጣት የማይቻልበት ሁኔታ ካለ ምርጫው ከመደረጉ በፊት ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት። ያልተከታተሉት መርፌ ከሌዘር የበለጠ ያሰጋልና።

አርኦፒው በራሱ ጠፍቷል ተባልን። ከእንግዲህ ዓይን ሐኪም ጋር መሄድ ለምን?

«ጠፍቷል» የተባለው የሬቲናው ሕመም ነው። ማዮፒያ፣ የዓይን መንሸዋረር፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል የልኬት ልዩነትና ሰነፍ ዓይን (አንጎል ቸል ያለው ዓይን) ያለጊዜው በተወለዱ ልጆች ላይ በብዛት የሚታዩ ሲሆን፣ አርኦፒ ጭራሽ ያልያዛቸውም ልጆች ከሌሎች ይበልጥ ያገኛቸዋል። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በ1 ዓመት፣ ከዚያም ትምህርት ቤት እስኪገባ በየዓመቱ ማሳየት ተገቢ ነው። የታከመ ልጅ ክትትሉ የዕድሜ ልክ ነው።

ማዮፒያ የሚመጣው ለምንድን ነው? ከተለመደው ማዮፒያ ይለያል?

ማዮፒያ ማለት ቅርብ ያለው ጠርቶ ሩቅ ያለው የሚደበዝዝበት ነው። በትምህርት ዕድሜ የሚጀምረው የተለመደው ዓይነት የሚመጣው የዓይን ኳስ ከፊት ወደ ኋላ እየረዘመ ሲሄድ ነው። ያለጊዜው በተወለደ ልጅ ላይ ግን ኳሱ ብዙ ጊዜ አልረዘመም፤ እንዲያውም ሊያጥር ይችላል። የተለየው ፊቱ ነው፦ ኮርኒያው ይበልጥ ቆልመም ያለ፣ ሌንሱ ወፍራምና ወደ ፊት የቀረበ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ጠባብ ነው። የዓይኑ ፊት በማሕፀን ሳለ የነበረውን ቅርጽ እንደያዘ የቀረ ያህል ነው። ብርሃን ከሚገባው በላይ ስለሚታጠፍ ምስሉ ሬቲናው ላይ ሳይደርስ ያርፋል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይታያል እንጂ 8 ዓመት አይጠብቅም። ሲወለዱ ከ1,251 ግራም በታች በነበሩ ልጆች ላይ በተደረገ ትልቅ ክትትል ከአምስት አንዱ ገደማ ማዮፒያ ነበረው፤ አርኦፒው በከፋ ቁጥር ድርሻው ያድጋል። አስቲግማቲዝም፣ ማለትም የኮርኒያው ቆልማማነት በሁሉም አቅጣጫ እኩል አለመሆኑ፣ አብሮ መኖሩም የተለመደ ነው።

ቤት ውስጥ ምን ልንመለከት እንችላለን?

በመጀመሪያ ዕድሜውን አስተካክለው ይቁጠሩ። በ28 ሳምንት የተወለደ የ5 ወር ልጅ ለዓይን ጉዳይ የ2 ወር ልጅ ነው። በተስተካከለው ዕድሜ 6 ሳምንት ገደማ ላይ ፊት አይቶ ፈገግ ይላል፤ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ የሚንቀሳቀስ ነገር በዓይኑ ይከተላል፣ ዓይኖቹም አንድ ላይ ቀጥ ይላሉ። ከዚህ በኋላም ዓይኑ የሚንሸዋረር፣ የሚንከራተት ወይም ያለማቋረጥ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ሁልጊዜ አንገቱን ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ከሆነ፣ ዓይኑን በጣቱ እየደቆሰ የሚጫን ከሆነ ያሳዩት። አንዱን ዓይን በእጅዎ ሲሸፍኑ ዝም ብሎ፣ ሌላውን ሲሸፍኑ የሚያለቅስና እጅዎን የሚገፋ ከሆነ ሳይሸፈን የቀረው ዓይን ደህና እንደማያይ ጠቋሚ ነው።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች፦ ብሌኑ በዓይን ወይም በፎቶ ነጭ ሆኖ መታየት፣ ጥቁሩ ክፍል መደፍረስ ወይም መተለቅ፣ ብርሃን አለመቻልና ብዙ እንባ። በእነዚህ በዚያው ቀን ይሂዱ።

ፊደል የማያውቅ ሕፃን የመነጽር ቁጥሩ እንዴት ይታወቃል?

ሕፃኑ መልስ መስጠት አያስፈልገውም። ሐኪሙ ወይም የመነጽር ባለሙያው ሬቲኖስኮፕ በሚባል መሣሪያ ብርሃን ዓይን ውስጥ አስገብቶ፣ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን እያየ ሌንስ ይቀያይራል፤ ልኬቱ ከራሱ ከዓይኑ ይነበባል። ለዚህ ግን ዓይኑ በጠብታ መዝናናት አለበት። የሕፃን ሌንስ የማተኮር ጉልበቱ ብርቱ ስለሆነ ያለጠብታ የተለካ ማዮፒያ ከእውነተኛው በልጦ ይወጣል፤ ሱቅ ውስጥ በማሽን ብቻ ተለክቶ የተሠራ የሕፃን መነጽር የሚሳሳተው በዚህ ነው። ጠብታው ፊትን ሊያቀላ፣ ልጁን ለጥቂት ሰዓት ሊያነጫንጨው ወይም ሊያስተኛው ይችላል፤ ብሌኑ እስከ ማግስቱ ሰፍቶ ሊቆይ ስለሚችል ከኃይለኛ ፀሐይ ይጠብቁት።

ልጄ 1 ዓመቱ ነው፤ −4 ተባለ። መነጽር አሁን ያስፈልገዋል ወይስ ይደግ?

ቁጥሩ ምን እንደሚል ለመረዳት 100ን ለቁጥሩ ያካፍሉ፤ ልጁ ያለመነጽር አጥርቶ የሚያይበት ርቀት በሴንቲሜትር ይወጣል። −2 ከሆነ 50፣ −4 ከሆነ 25፣ −10 ከሆነ 10 ሴንቲሜትር ነው። የ4 ወር ሕፃን ዓለሙ የእናቱ ፊትና በእጁ ያለው ነገር ነው፤ ስለዚህ −3 ብዙ አያጎድልበትም። መራመድ የጀመረ ልጅ ግን ከክፍሉ ማዶ ያለውን ማየት አለበት።

ብዙ ሐኪሞች የሚመሩበት ልክ ከ1 ዓመት በታች −5 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት −4፣ ከ2 እስከ 3 ዓመት −3 ነው። ሁለቱ ዓይኖች በጣም ከተለያዩ ወይም ዓይኑ ከተንሸዋረረ ከዚህ ባነሰም ይታዘዛል። ስለዚህ ለእርስዎ ልጅ መልሱ አዎ፣ አሁን ነው። ማየት የሚማረው አንጎል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የደበዘዘ ምስል ብቻ የደረሰው አንጎል በኋላ በመነጽርም ማጥራት ያቅተዋል። መነጽር ዓይን ያሰንፋል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ዓይን የሚሰንፈው ጥርት ያለ ምስል ሳይደርሰው ሲቀር ነው።

መነጽሩን እያወለቀ ይጥላል። ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ልኩን ይፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ያለጊዜው የተወለዱ ልጆች የራስ ቅላቸው ብዙ ጊዜ ጠበብና ረዘም ያለ ነው፣ የአፍንጫ ድልድያቸው ገና ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ ለአዋቂ ተሠርቶ ያነሰ ፍሬም ይንሸራተትና ልጁ በጠርዙ ላይ ያያል። ተጣጣፊ ፕላስቲክ፣ ለስላሳ የአፍንጫ መቀመጫ ያለውና ከራስ ጀርባ በላስቲክ የሚያዝ ይምረጡ። መስተዋቱ ፖሊካርቦኔት (ጠንካራ የፕላስቲክ ዓይነት) ይሁን፤ በቀላሉ አይሰበርም፣ ቀላልም ነው። ብሌኑ በመስተዋቱ መሐል መዋሉን፣ ከጆሮ ጀርባ ቆዳው አለመቅላቱን ይመልከቱ።

ከዚያ በሚወደው ጊዜ ያድርጉለት፤ ሲመገብ፣ ሲጫወት፣ ውጭ ሲወጣ። ሲያወልቅ ሳይቆጡ መልሰው ያድርጉለት፤ ሲሰለቸው ግን እርስዎ ራስዎ አውልቀው ያስቀምጡት እንጂ ማውለቁ ጨዋታ አይሁን። ብዙ ልጆች በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለምዳሉ። በትክክል የተሠራ መነጽር አንድ ወር ሙሉ እምቢ ካለ ልኬቱ እንደገና ይታይ።

አንዱ ዓይኑ ሰነፍ ነው ተባለ፤ ጥሩውን መሸፈን ለምን?

ሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ቁጥር ሲኖራቸው ወይም አንዱ ሲንሸዋረር አንጎል የሚመርጠው የጠራውን ነው፤ ሌላውን ቸል ይለዋል። መጀመሪያ መነጽር ይደረጋል። በመነጽር ብቻ ካልተስተካከለ ጥሩው ዓይን ተሸፍኖ ሰነፉ እንዲሠራ ይደረጋል። መካከለኛ ለሆነው በቀን 2 ሰዓት፣ ለከባዱ 6 ሰዓት የተለመደ ነው። መሸፈኛው ቆዳው ላይ ይለጠፍ፤ መስተዋቱ ላይ ከተለጠፈ ልጁ በጎን በኩል አጮልቆ ያያል፣ ሰዓቱም በከንቱ ያልፋል። በእነዚያ ሰዓታት ዓይን የሚያሠራ ነገር ይስጡት፤ ሥዕል መቀባት፣ ዶቃ መሰካት፣ መጻሕፍት ማየት። ሐኪሙ ካዘዘው ሰዓት በራስዎ አያስበልጡ፤ ለረጅም ሰዓት የተሸፈነ ጥሩ ዓይንም ሊደክም ይችላል። ቁጥጥሩ በየ2 ወይም በየ3 ወሩ ነው። ውጤቱ ከሁሉ የሚያምረው ከ7 ዓመት በፊት ሲጀመር ነው።

ቁጥሩ እንዳይጨምር ማድረግ ይቻላል? አትሮፒን ጠብታስ?

ያለጊዜው መወለድ ያመጣው ማዮፒያ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ቶሎ ይጨምርና ከዚያ ይረጋጋል። ዝቅተኛ መጠን ያለው አትሮፒን፣ ከ0.01 እስከ 0.05 በመቶ፣ እና ማዮፒያ ለመግታት የሚሠሩ ልዩ መነጽሮች የተፈተኑት የዓይን ኳስ በሚረዝምበት ማዮፒያ ላይ ነው። ፊቱ ቆልምሞ የቀረ ዓይን ላይ የሚገቱት ነገር ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት የዓይኑ ርዝመት በመሣሪያ ተለክቶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከ6 ወር በኋላ ተለክቶ እየረዘመ ከተገኘ ሕክምናው ትርጉም ይኖረዋል። በቀን 2 ሰዓት ያህል ከቤት ውጭ፣ በቀን ብርሃን መጫወት የትምህርት ቤቱ ማዮፒያ በላዩ እንዳይደረብ ይረዳል፤ ማንንም አይጎዳም።

በመነጽርም የመጨረሻውን መስመር አያነብም። መነጽሩ ተሳስቷል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ጥቃቅን ነገር የምናይበት የሬቲና መሐል በተለምዶ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ያለጊዜያቸው በተወለዱ ብዙ ልጆች ላይ ጎድጓዳው ጥልቀት አይኖረውም። አርኦፒ ጠባሳ ጥሎ ከሄደ ደግሞ መሐሉ ከቦታው ሊሳብ ይችላል። መነጽር ምስሉን ሬቲናው ላይ ያሳርፋል፤ ሬቲናውን አይቀይርም። ሐኪሙ ኦሲቲ በሚባል የሬቲና ምስል ማጣራት ይችላል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ከፊት መቀመጥ፣ ትልቅ ፊደልና ጥሩ ብርሃን ይጠየቅለት፤ ጎበዝ ሆኖ ሰነፍ ከሚባልበት ቀን በፊት።

ዓይኑ ጤነኛ ነው ይላሉ፤ እኛ ግን በደንብ እንደማያይ እርግጠኞች ነን። ይሆናል?

ይሆናል፤ ወላጅ ይህን ሲል በቁም ነገር መታየት አለበት። ምስል ከዓይን ወደ አንጎል የሚያልፍበት መስመር የሚሄደው በአንጎል ውስጥ ባሉት የፈሳሽ ጉድጓዶች ዳር ነው፤ ያለጊዜው በተወለደ ልጅ ቶሎ የሚጎዳው የአንጎል ነጭ ክፍልም እዚያው ነው። እግርን የሚያዙት መስመሮች በአጠገቡ ስለሚያልፉ፣ እግሩ የሚገትርበት ልጅ ይህ የማየት ችግርም እንዳለበት መጠርጠር ተገቢ ነው።

ምልክቶቹ ግራ ያጋባሉ። ፊደል ሰሌዳው ላይ ደህና ያነባል፤ ደረጃ ሲወርድ ግን ይደናቀፋል፣ ምክንያቱም የሚጎዳው በብዛት የታችኛው እይታ ነው። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ያለ ኳስ ያያል፤ በአሻንጉሊት የተሞላ ሳጥን ውስጥ ያለውን ያንኑ ኳስ አያገኘውም። ሰው በበዛበት ቦታ እናቱን ይስታል። አንድ ቀን ያያል፣ ሲደክመው አያይም፤ ሰው «ሆን ብሎ ነው» ይለዋል። መነጽር ይህን አያድንም። ምስሉን ማቅለል ግን ይረዳል፦ ነጠላ ቀለም ባለው መደብ ላይ አንድ ነገር ብቻ፣ በአንድ ገጽ ጥቂት ቃላት በሰፊ ክፍተት፣ የደረጃ ጠርዝ ላይ ደማቅ መስመር፣ ለመመለስም ጊዜ። ምርመራውን የሚያደርጉት የልጆች ዓይን ሐኪምና የልጆች ነርቭ ሐኪም አብረው ነው፤ ወደ ቀጠሮው ሲሄዱ ልጁ የሚደናቀፍበትን በስልክ ቀርጸው ይውሰዱ።

ካደገ በኋላ ሊመጣ የሚችል ነገር አለ? በሌዘር ከመነጽር መገላገልስ?

አለ። አርኦፒ የነበረበት ሬቲና፣ በተለይ የታከመና ከፍ ያለ ማዮፒያ ያለው፣ በጉርምስናም በጎልማሳነትም ሊቀደድ ወይም ሊላጥ ይችላል። በድንገት ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ መታየት፣ የብርሃን ብልጭታ፣ ወይም ከጎን እንደ መጋረጃ የሚመጣ ጥላ በዚያው ቀን ሐኪም ጋር የሚያስሄዱ ናቸው። የዓይኑ ፊት ጠባብ ስለሆነ ደግሞ በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት በድንገት ሊጨምር ይችላል፦ ከባድ የዓይንና የራስ ሕመም፣ ማስመለስ፣ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ማየት። ብዙ ሰው ይህን ከሆድ ሕመም ወይም ከማይግሬን ያምታታዋልና ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ «ያለጊዜው የተወለደ ነው፣ አርኦፒ ነበረው» ማለትን አይርሱ። የዓይን ሞራም ከሌሎች ሰዎች ቀደም ብሎ ሊመጣ ይችላል። ዕድሜ ልክ በዓመት አንድ ጊዜ ብሌን ሰፍቶ መታየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ጭንቅላት የሚመታበት እንደ ቦክስ ያለ ስፖርትም ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይጀመር።

መነጽርን የሚያስቀረው የኮርኒያ ሌዘር ከ18 ዓመት በፊት አይታሰብም፤ ከዚያም በኋላ ቁጥሩ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይለወጥ መቆየት አለበት። ቀዶ ጥገናው ኮርኒያውን እንጂ ሬቲናውን አይነካም፤ ስለዚህ −8 የነበረው ሰው መነጽሩን ቢጥልም የሬቲናው አደጋ እንዳለ ነው። ሌንሱ ወፍራም፣ የፊቱ ክፍተት ጠባብ ስለሆነም ዓይን ውስጥ የሚገባው ሰው ሠራሽ ሌንስ ለአንዳንዶቹ ቦታ አይበቃውም። ሐኪሙ ከመወሰኑ በፊት የኮርኒያውን ካርታና ውፍረት፣ የፊቱን ክፍተት ጥልቀትና የሬቲናውን ዳርቻ በሙሉ ማየት ይኖርበታል። ልጁ በሕፃንነቱ የተሰጠው የሕክምና ወረቀት፣ በስንት ሳምንት እንደተወለደ፣ ስንት ግራም እንደነበረ፣ ዞንና ደረጃው፣ ሌዘር ወይም መርፌ የተደረገበት ቀን፣ ያን ጊዜ ስለሚፈለግ ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ማህደር አስቀምጡለት።